ፋፍሳን መሙላት፣ ገንዘቡንም እስከ ምርቃት ማቆየት

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ለመግባት ያሰበ ሰው የገንዘብ እርዳታ የሚያገኝበት ዋናው በር አንድ ነው። ፋፍሳ ይባላል። የማይመለስ ስጦታ የሆነው የፌዴራል መንግሥቱ ፔል ግራንት፣ የመንግሥት የተማሪ ብድር፣ እየተማሩ ሠርተው የሚከፈልበት ወርክ ስተዲ፣ የብዙ ግዛቶች እርዳታ፣ ኮሌጁ ከራሱ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይቀር በዚህ ቅጽ ይወሰናል። ቅጹ ነጻ ነው። የሚሞላው ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። "እኔ ልሙላላችሁ" ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። የሃይስኩሉ ካውንስለርና የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በነጻ ያግዛሉ።

በእኛ ሰው ቤት ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። እንግሊዝኛው ይቀለዋል ተብሎ ቅጹ ለልጁ ብቻ ይተዋል። አባት ሌሊት ይነዳል፣ እናት ሁለት ሥራ ትሠራለች። ልጁ እንደምንም ሞልቶ ይልከዋል፣ ገንዘቡም ይመጣል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ይቆማል። ለምን እንደቆመ ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ ልጁም አፍሮ ዝም ይላል። ስለዚህ ስለ ማመልከቱ የምጽፈውን ያህል ስለ ማቆየቱም እጽፋለሁ። ወላጆች፣ እናንተም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

1. ማመልከት የሚችለው ማን ነው?

ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያመለክታል። በዲቪ የመጣ ሰው ለፌዴራል እርዳታው የሚጠብቀው ዓመት የለም፤ ግሪን ካርዱን እንደያዘ ማመልከት ይችላል። አሳይለም (ጥገኝነት) የጸደቀለትና በስደተኛነት የገባ ሰውም እንዲሁ። አሳይለም ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ፣ ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያለው፣ ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ግን የፌዴራሉን ገንዘብ አያገኝም። እነዚህ ሰዎች ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም። ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ከእነዚህ መካከል መስፈርታቸውን ለሚያሟሉ ነዋሪዎች የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። ኮሌጁን በቀጥታ ጠይቁ።

የወላጅ የመኖሪያ ወረቀት የልጁን መብት አይነካም። ልጁ ዜጋ ሆኖ እናት ወይም አባት ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖራቸውም ልጁ ያመለክታል።

አዲስ ለመጣችሁ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። የመንግሥት ኮሌጆች ለግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት ዋጋ ከሌላው በጣም ያነሰ ነው። ነዋሪ ለመባል ብዙ ግዛቶች 12 ወር መኖርን ይጠይቃሉ። የቤት ኪራይ ውላችሁን፣ መንጃ ፈቃዳችሁንና የታክስ ወረቀታችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጡ።

2. አካውንት መክፈት፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ተማሪው አንድ አካውንት፣ ወላጅም የራሱን አንድ አካውንት ይከፍታል። አንድ ኢሜይል ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። የእናት አካውንት በልጇ ኢሜይል ከተከፈተ ልጁ የራሱን ሲከፍት ይጣበቃል። እናት ኢሜይል ከሌላት መጀመሪያ ይከፈትላት፤ የይለፍ ቃሉም ቤት ውስጥ በደብተር ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ያው አካውንት ስለሚያስፈልግ ነው።

የእኛ ሰው በብዛት የሚጣበቀው ስም ላይ ነው። ሲስተሙ የምትጽፉትን ስም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያስተያያል። አንዳንዶቻችን የአያት ስም ላስት ኔም ሆኖልናል፣ አንዳንዶቻችን የአባት ስም። ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሚሉ ስሞች አንዱ ወረቀት ላይ ተለያይተው፣ ሌላው ላይ ተያይዘው ይጻፋሉ። ፓስፖርቱን፣ ግሪን ካርዱንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አውጡና አስተያዩ። ለአካውንቱ የምትጽፉት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ያለውን ነው፤ ፊደሉም ክፍተቱም እንዳለ። ካርዱ ራሱ ስህተት ከሆነ ቀድማችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉት።

የልደት ቀንም ያው ነው። ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲለወጥ የተሳሳተባቸው ብዙ ወላጆች አሉ። ትክክለኛውን ቀን ብታውቁትም የምትጽፉት ሶሻል ሴኩሪቲ የመዘገበውን ነው። የእናትና የልጅ ላስት ኔም መለያየቱ ግን ችግር አያመጣም፤ አትጨነቁበት።

አካውንቱ ሲከፈት በስልክ የማረጋገጫ ኮድ ይላካል። እናት ሥራ ላይ ሆና ስልኳ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ፣ ልጁ ቤት ኮዱን ሲጠብቅ ገጹ ይዘጋል። ለዚህ ሥራ አንድ የእረፍት ቀን ምሽት መድቡና ሁላችሁም ስልካችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ማረጋገጫው አንዳንዴ ቀናት ስለሚወስድ አካውንቱን ቅጹ ከመከፈቱ በፊት መክፈት ይሻላል።

3. ቅጹ ላይ ወላጅ የሚባለው ማን ነው?

ተማሪው ካላገባ፣ የራሱ ልጅ ከሌለው፣ ወታደር ካልነበረና 24 ዓመት ካልሞላው ባብዛኛው ጥገኛ ተብሎ ይቆጠራል፤ ማለትም የወላጆቹም መረጃ ቅጹ ላይ ይጠየቃል። ለ2026-27 የትምህርት ዓመት መለያው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት መወለድ ነው። ለብቻው ቤት ተከራይቶ፣ ራሱን እያስተዳደረ መኖሩ ብቻ ጥገኛ ከመባል አያስወጣውም።

ወላጆች አብረው ታክስ ከሞሉ አንዳቸው ብቻ ይበቃሉ። ለየብቻ ከሞሉ ሁለቱም ይገባሉ። ከተፋቱ ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ገንዘብ ያወጣው ወላጅ ነው የሚሞላው። ያ ወላጅ ሌላ ትዳር ካለው የአሁኑ ባለቤቱ ገቢም ይቆጠራል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። ብዙ ወጣቶች የሚኖሩት አክስት ወይም አጎት ዘንድ ነው፤ ወላጆቻቸው ኢትዮጵያ ናቸው። አክስት ብታሳድገውም፣ ብታበላውም፣ ታክሷ ላይ ብታስገባውም ለፋፍሳ ወላጅ አይደለችም። በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰደችው በስተቀር የእሷን ገቢ አትጻፉ። ቅጹን የሚሞላው ኢትዮጵያ ያለው ወላጅ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ሳይኖረው፣ በኢትዮጵያ አድራሻው አካውንት መክፈት ይችላል። ገቢውን ከብር ወደ ዶላር ቀይሮ፣ ቅጹ በሚሞላበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ይጽፋል። ገቢው ዝቅተኛ ስለሚሆን ልጁ ሙሉ ፔል ግራንት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። "አባቴ ኢትዮጵያ ስለሆነ አይመለከተኝም" ብሎ መተው ትልቅ ገንዘብ መተው ነው።

13 ዓመት ከሞላው በኋላ በማንኛውም ጊዜ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ያልነበሩ ተማሪ እንደ ራሱን የቻለ ይቆጠራል። ፍርድ ቤት ሕጋዊ ሞግዚት የሾመለትም እንዲሁ። ወላጆቹ በጦርነት ወይም በስደት ጠፍተውበት ሊያገኛቸው ያልቻለ፣ ወይም እነሱን ማግኘት ለአደጋ የሚያጋልጠው ተማሪ ደግሞ ቅጹ ላይ ልዩ ሁኔታ እንዳለበት የሚጠይቀውን ጥያቄ "አዎ" ብሎ ይልከዋል። ከዚያ ኮሌጁ ማስረጃ ይጠይቃል። የካውንስለር፣ የሶሻል ወርከር፣ የቄስ ወይም የኢማም ደብዳቤ ይረዳል። ውሳኔው የኮሌጁ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው የሆነውን ነገር በቀንና በቦታ የሚናገር ይሁን።

4. መሙላትና መላክ

ቅጹ በየዓመቱ ቢዘገይ ኦክቶበር 1 ላይ ይከፈታል። የሚጠይቀው የሁለት ዓመት ወደኋላ ታክስ ነው፤ ለ2026-27 የ2024 ታክስ ማለት ነው። የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን በጣም ሩቅ ነው፣ እሱን አይታችሁ አትዘናጉ። የግዛቱ ቀን ይቀድማል። ሜሪላንድ ማርች 1 ነው፣ ካሊፎርኒያ ማርች 2። የየኮሌጁ ቀን ደግሞ ከዚያም ሊቀድም ይችላል። አንዳንዱ ገንዘብ ቀድሞ ለመጣ የሚሰጥ ስለሆነ በኦክቶበርና በኖቬምበር ውስጥ ጨርሱት።

ተማሪው የራሱን ክፍል ሞልቶ ወላጁን በኢሜይል ይጋብዛል። ወላጅ በራሱ አካውንት ገብቶ የታክሱ መረጃ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በቀጥታ እንዲመጣ ፈቃድ ይሰጣል። ይህን ፈቃድ መንፈግ አይቻልም። አንዱ ሰው ከነፈገ ተማሪው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ታክስ ያልሞላ ሰውም ቢሆን ፈቃዱን መስጠት አለበት። ወላጅ ክፍሉን ሞልቶ ካልፈረመ ቅጹ አልተላከም ማለት ነው። እኛ ዘንድ "ሞልተነዋል" ሲባል ቆይቶ የወላጅ ፊርማ ብቻ ጎድሎ ወራት የተቀመጠ ቅጽ ብዙ ነው። ከላካችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ግቡና መታየቱን አረጋግጡ።

ስለ ሀብት ስትጠየቁ የምትኖሩበት ቤትና እንደ 401ኬ ያለ የጡረታ ገንዘብ አይጻፍም። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ ቤት ግን ይጻፋል፤ የምትኖሩበት ስላልሆነ። ባንክ ያለው ገንዘብ የሚጻፈው ቅጹ በሚሞላበት ቀን ባለው ልክ ነው። ዕቁብ ደርሷችሁ ባንክ ካስገባችሁት እሱም ውስጥ ይቆጠራል። ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር በታች የሆነና ታክሳቸው ቀለል ያለ ወላጆች ሀብታቸው ጨርሶ አይቆጠርባቸውም። ኡበር ወይም ታክሲ እየነዳ በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ የታክስ ቅጽ) ከ10,000 ዶላር በላይ ትርፍ ያሳየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወጣል። ለሾፌሮች ሌላም ልጨምር። ፋፍሳ የሚያየው ወጪያችሁ ተቀንሶ የቀረውን ገቢ ነው። ማይላችሁን፣ የመኪናችሁን ወጪ በየቀኑ ያልመዘገባችሁ ከሆነ ታክሱም ይጎዳችኋል፣ የልጃችሁ እርዳታም ይቀንሳል።

ለኢትዮጵያ ቤተሰብ የምትልኩት ገንዘብ በስሌቱ አይቀነስም። ያሳዝናል፣ ግን እንዲህ ነው።

ቅጹ ላይ እስከ 20 ኮሌጅ መጻፍ ይቻላል። ልጁ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቢፈልግም የአካባቢያችሁን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አብራችሁ ጻፉ። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ከዚህ ሌላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ቅጽ ይጠይቃሉ። እሱ ክፍያ አለው፤ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነጻ ነው።

5. ኮሌጁ ወረቀት ሲጠይቅ

ከተላከ በኋላ የቤተሰቡን አቅም የሚያሳይ ኤስኤአይ የሚባል ቁጥር ይወጣል። ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር እርዳታው ይጨምራል። ከዚያ ኮሌጁ "ቬሪፊኬሽን" ብሎ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ክስ አይደለም፣ አትደንግጡ። የታክስ ትራንስክሪፕት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመታወቂያ ኮፒ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ተማሪ የተተረጎመ ሰርተፊኬቱን ከአሁኑ ያዘጋጅ። መልእክቱ የሚመጣው በኮሌጁ ኢሜይልና ፖርታል ላይ ነው፤ ልጆች ደግሞ ያንን ኢሜይል አይከፍቱም። በሳምንት አንድ ቀን "ፖርታሉን አየኸው ወይ? አየሽው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ሳይገባ ገንዘቡ አይለቀቅም።

6. የመጣውን ደብዳቤ ማንበብ

የእርዳታ ደብዳቤው ላይ ትልቅ ቁጥር ታያላችሁ። ሁሉም ስጦታ አይደለም። እንበል፦ ፔል ግራንት 7,395 ዶላር፣ የግዛቱ ግራንት 2,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ብድር 5,500። ድምሩ 17,395 ይላል። ስጦታው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፣ 9,395። ወርክ ስተዲው ልጁ ሥራ ፈልጎ፣ ሰዓት ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ለሴሚስተሩ ክፍያ አስቀድሞ አይቀነስም። ብድሩ ዕዳ ነው። ኮሌጆችን ስታወዳድሩ ከጠቅላላ ወጪው ላይ ስጦታውን ብቻ ቀንሱና የቀረውን አነጻጽሩ።

የመጀመሪያ ዓመት ጥገኛ ተማሪ በመንግሥት ብድር እስከ 5,500 ዶላር መውሰድ ይችላል። ከዚህ ውስጥ ቢበዛ 3,500ው ሰብሲዳይዝድ ነው፤ ማለትም ተማሪው ቢያንስ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚወስደውን ግማሽ (ሃፍ ታይም) እየተማረ እስካለ ድረስ ወለድ አይቆጥርም። ከቀረበው ያነሰ መውሰድ ይቻላል። ብድሩን ጨርሶ እምቢ ማለትም ይቻላል። በሃይማኖት ምክንያት ወለድ የማይወስዱ ቤተሰቦች ብድሩን ፖርታሉ ላይ "ዲክላይን" ብለው ግራንቱን ብቻ ይቀበሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ፓረንት ፕላስ የሚባለው ብድር በወላጁ ስም ነው፤ ልጁ አይጠየቅበትም። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎበታል። ከመፈረማችሁ በፊት በጡረታ ዕድሜያችሁ ልትከፍሉት ትችሉ እንደሆነ አስቡ።

ታክሱ ያለፈ ጊዜ ስለሆነ የዛሬውን ኑሯችሁን ላያሳይ ይችላል። ሥራ ከለቀቃችሁ፣ ከታመማችሁ፣ ከተፋታችሁ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጻፉ። "ገቢያችን ስለተለወጠ እንደገና እንዲታይልን እንጠይቃለን" በሉ፣ የሥራ መቋረጫውን ደብዳቤ ወይም የሐኪም ቤት ቢሉን አያይዙ። ይህ ልመና አይደለም። ቢሮው ይህን የማየት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመጠየቅ ያፍራል፣ ሌሎች ግን በየቀኑ ይጠይቃሉ።

7. ገንዘቡን ማቆየት

ፋፍሳ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል። ይህችን አንዲት ነገር ባለማወቅ ብቻ እርዳታ የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ። በየዓመቱ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ።

ሁለተኛው ሳፕ የሚባለው መስፈርት ነው፤ የትምህርት ውጤት መለኪያ ማለት ነው። ብዙ ኮሌጆች ሦስት ነገር ያያሉ። ጂፒኤ 2.0 እና ከዚያ በላይ፣ ከተመዘገቡበት ክሬዲት ቢያንስ 67 በመቶውን ማለፍ፣ ዲግሪውንም ከሚፈልገው ክሬዲት አንድ ተኩል እጥፍ ሳያልፉ መጨረስ። ልጆች የመጀመሪያውን ያውቃሉ፣ የሚጥላቸው ሁለተኛው ነው። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 30 ክሬዲት ተመዘገበ እንበል፤ አሥር ክላስ ነው። ሁለቱን መሃል ላይ ዊዝድሮው አደረገ (ትቶ ወጣ)፣ ሁለቱ ላይ ኤፍ አገኘ፣ የቀሩትን ስድስቱን በቢ አለፈ። ጂፒኤው 2.25 ነው፣ ደህና ይመስላል። ያለፈው ግን ከ30ው 18 ብቻ ነው፤ 60 በመቶ። እርዳታው አደጋ ላይ ወደቀ። ዊዝድሮው ጂፒኤውን አይነካም፣ ይህን መለኪያ ግን ይመታል።

ሦስተኛው ሴሚስተሩን አቋርጦ መውጣት ነው። ተማሪው ሁሉንም ክላስ ትቶ ከወጣና ከሴሚስተሩ 60 በመቶው ካላለፈ፣ ያልተማረበት ጊዜ ገንዘብ ለመንግሥት ይመለሳል። 15 ሳምንት ባለው ሴሚስተር ይህ ዘጠነኛው ሳምንት ማብቂያ አካባቢ ነው። በአምስተኛው ሳምንት የወጣ ልጅ የሚቆጠርለት አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ኮሌጁ ቀሪውን መልሶ ቢሉን ለልጁ ይልካል። ዕዳው እስኪከፈል ብዙ ኮሌጆች ለሚቀጥለው ሴሚስተር አያስመዘግቡም። ሳይናገሩ ዝም ብሎ መቅረትም ያው ነው፤ ሁሉም ውጤት ኤፍ ከሆነ ኮሌጁ ልጁ መጨረሻ የተገኘበትን ቀን ይመረምራል። ሰው ሞቶብን፣ ታሞብን፣ ኢትዮጵያ መሄድ ግድ ሆኖብን ሊሆን ይችላል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቢሮውን አናግሩ።

ሙሉ ፔል የሚመጣው በሴሚስተር 12 ክሬዲት ለሚወስድ ነው። 9 ከሆነ 75 በመቶው ይሆናል። ልጁ ለሥራ ብሎ ክላስ ሲቀንስ ገንዘቡም እንደሚቀንስ ይወቅ። ፔል በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ሜጀር (የትምህርት መስክ) እየቀያየሩ አራት ዓመት የቆዩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ የቀራቸው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሜጀር መለወጥ ነውር የለውም፣ ግን አድቫይዘሩ የትኛው ክሬዲት እንደሚቆጠር በጽሑፍ ይንገራችሁ።

8. እርዳታው ከተቋረጠ

ሳፕ ያልደረሰ ተማሪ በብዙ ኮሌጆች መጀመሪያ የአንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ያገኛል፤ በዚያ ጊዜ ገንዘቡ ይቀጥላል። በሚቀጥለውም ካልተሻሻለ ይቋረጣል፣ ይግባኝ ግን ይቻላል። የይግባኙ ደብዳቤ ሁለት ነገር ይመልስ፦ ምን ሆነ? አሁንስ ምን ተለወጠ? "ከባድ ጊዜ ነበር" ብቻ አይበቃም። "እናቴ በማርች ሆስፒታል ገባች፣ ታናናሾቼን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አሁን አጎቴ ያደርሳቸዋል። የሥራ ሰዓቴን ወደ 15 ቀንሻለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ቱተሪንግ ማዕከል ተመዝግቤያለሁ" ይበል። የሆስፒታል ወረቀትም፣ የአሠሪ ደብዳቤም ይያያዝ። የይግባኙ ቀን ስለሚያልፍ ደብዳቤው ውጤት በወጣ ሳምንት ይጻፍ። ቢሮው ከተቀበለ ለምሳሌ "ሁሉንም ክላስ ማለፍ፣ ዊዝድሮው አለማድረግ" የሚል ዕቅድ ሊሰጥ ይችላል። ያ ዕቅድ ያለበትን ወረቀት አትሙና ወላጅም ልጅም የሚያዩት ቦታ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።